ክዳኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄን የናትናኤልን መኝታ ክፍል ሳስተካክል አረፈድሁ። መጫወቻውን፣ ደብተሩን፣ ከአልጋ ሥር ያወጣሁትን ነጠላ ካልሲ ሁሉ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ከትቼ ከደንሁና በሥራዬ ረክቼ ቆምሁ። ልጄ ከሐኪም ቤት ስትመለስ ካርቶኑን ከፈተችው።

«እማዬ፣ ክዳን ያለው ነገር አይሁን ተብለናል። ናቲ ሰነፍ አይደለም፤ የትኩረት ችግር ነው ያለበት። የማያየውን ዕቃ እንደሌለ ነው የሚቆጥረው። ‹ክፍልህን አጽዳ› ስንለውም መጀመሪያው ይጠፋዋል፤ አብረነው ሆነን አንድ በአንድ ነው» አለችኝ።

አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥሁ። ደም ግፊቴ የተነሣ መስሏት ውኃ ልታመጣ ሮጠች። እኔ ግን ያሰብሁት ወንድሜን ታድሎን ነበር።

ያን ጊዜ የምንኖረው እዚሁ ጎንደር፣ አባታችን ከሚያገለግሉበት ደብር አጠገብ ነው። እኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ታድሎ ዐሥር፤ አንድ ክፍል እንጋራለን። በእሱ በኩል ያለው ወለል ገበያ የተበተነበት ይመስላል፤ ልብስ፣ ቆርኪ፣ ግማሹ የተበላ በቆሎ። በዚያ ነሐሴ እናታችን ማክሰኝት ለዘመድ ተዝካር ቀድማ ሄዳ ነበር። አባባ ሊከተሏት ሲወጡ በራችን ላይ ቆሙ።

«ስመለስ ይህን ክፍል ሸጋ ሆኖ ካላገኘሁት መካነ ብርሃን አጎትህ ዘንድ ነው የምወስድህ። እዚያ የኔታ ያስተካክሉሃል» አሉት። አባባ ደግሞ ያሉትን የሚያስቀሩ ሰው አልነበሩም።

ታድሎ አልሞከረም ማለት ግፍ ነው። ጠዋት «አጽዳ» ብዬው፣ በቆሎ ቀቅዬ ስመለስ፣ አንድ ጫማ ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳለ አገኘዋለሁ። ጫማው ውስጥ ጉንዳን አይቶ ነው። በማግስቱም እንዲሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔም እጮኻለሁ። አንድ ቀን በጥፊ መታሁት። ጉንጩን ይዞ «እታለም፣ ከየትኛው ልጀምር?» አለኝ። ያሾፈብኝ መሰለኝ።

አባባ ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀር ሁሉንም አፍሼ የእናቴ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ከተትሁት። ታድሎ የሚያጠናበትን የአያታችንን የብራና ዳዊትም እዚያው ጨምሬ ከደንሁ። እሱ አጠገቤ ቆሞ ያያል።

አባባ ጭቃውን ከጫማቸው አራግፈው ገቡ። ክፍሉን አይተው ፈገግ አሉ።

«ማን አጸዳው?»

«ራሱ ነው። እኔ አልነካሁም» አልሁ። ለወንድሜ መዋሸቴ አኩርቶኝ ነበር።

«በል ዳዊቱን አምጣና አንብብልኝ» አሉት ደስ ብሏቸው።

ታድሎ ፍራሹን ገለበጠ። ከአልጋው ሥር ገባ። ሳጥኑ ላይ ወጥቶ የመስኮቱን ደፍ ዳሰሰ፤ ዳዊቱ ከእግሩ ሥር ነበር። እንባው እየወረደ «እዚህ ነበረ፣ አባባ» ይላል። አባባ ፊታቸው ተለዋወጠ። «በገዛ እጅህ አስቀምጠኸው የት እንዳለ አታውቅም? የአባቴን ዳዊት ጣልኸው?» አሉ። ሳጥኑን ልጠቁም አፌን ከፈትሁ። ብጠቁም ውሸቴ ሊወጣ ነው። መልሼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ይዘውት ሄዱ። እስከ ደባርቅ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎና በእግር ነው። ሲመለሱ ዳዊቱን ሰጥቻቸው «ከሳጥኑ ጀርባ ወድቆ አገኘሁት» አልኋቸው። ተሳለሙትና «ቢሆንም እዚያው ይማር» አሉ። እናቴ ከማክሰኝት ተመልሳ ስትሰማ ስንት ቀን አለቀሰች። ታድሎ ከየኔታ ዘንድ ዓመት አልቆየም፤ ከአጎታችን ጋር እርሻ ገባ፣ ጎንደርም ተመልሶ አልተማረም። እኔ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። እሱ ዛሬም ገብስ ያርሳል።

ልጄ ያመጣችውን ውኃ ጠጥቼ ደወልሁለት። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ዳዊቱን ሳጥኑ ውስጥ የከተትሁት እኔ እንደሆንሁ ነገርሁት።

«አውቃለሁ» አለ። «አምባ ጊዮርጊስ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ፣ አባባ ዳቦ ሲገዙልኝ ትዝ አለኝ። ስትከቺው አይቼ የለ?»

«ታዲያ ምነው ያኔውኑ አልነገርሃቸው? ይመልሱህ ነበር እኮ።»

«ምነው እታለም፣ አንቺን ውሸታም ሊሉሽ አይደል?»

ዕድሜዬን ሙሉ ዝንጉ እያልሁ የማማው ልጅ፣ ማስታወስ የሚገባውን አስታውሶ፣ ለእኔ ሲል ዝም ብሎ ነበር። እኔ ለእሱ ስል አንድ ቃል መናገር አቃተኝ።

ናትናኤል ከውጭ ሲገባ የካርቶኑን ክዳን ቀድጄ ጨርሻለሁ። ወገቤ እያመመኝ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁና አጠገቤ አስቀመጥሁት።

«ከጫማው እንጀምር» አልሁት።