ልጁ ምናሴ የተባለ ሰሞን

የጋለ አፈር ላይ ውኃ ሲፈስ የሚነሳው ሽታ እስካሁን ደረቴን ይይዘኛል። ትናንት ከሰዓት በኋላ የአከራዬ ልጅ አቧራው እንዳይነሳ ብላ ግቢውን ስትረጭ፣ መስኮት ልዘጋ ተነሥቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ለአፍታ ባሕር ዳር መሆኔ ጠፋኝ። ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር፣ አክስቴ የተከራየችበት ግቢ ውስጥ ነበርኩ።

እዚያ በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ ግቢው ውኃ ይረጭ ነበር። የጠፍር አልጋዎቹ ወደ ጥላው ይወጣሉ። ከመንገዱ ረክሻ የሚሏቸው ባጃጆች ጩኸት ይመጣል። ብርሃኑ በአቧራ ውስጥ አልፎ ስለሚደርሰን የሁሉም ሰው ፊት የሻይ መልክ ይይዛል። ደቡብ ሱዳን ተለይታ ከሄደች ሁለት ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ሳጣ ነበር አክስቴ ጋ የሄድኩት። የተማርኩት ጂኦግራፊ ነው፤ ለግቢው ሰው ግን የተማረ ሁሉን ያውቃል። ደብዳቤ አንብቢ፣ የመድኃኒቱን ወረቀት እዪልን ይሉኛል። ድምፄ ቀጭን ስለሆነ ደግሞ፣ ስመልስላቸው «ምን አልሽ?» ሳይሉኝ የሚያልፉበት ቀን አልነበረም።

ከእኛ ክፍል ቀጥሎ፣ ዐማራት የሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ የነበረች የአገራችን ሴት ትኖር ነበር። ወንድ ልጅ ከወለደች ወር አልፏታል፤ ልጁ ግን ስም አልነበረውም። አባቱ እሷ የስድስት ወር እርጉዝ ሳለች በበረሃው በኩል ወደ ሊቢያ ሄደ። ከበረሃው ጫፍ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

«ስም የሚያወጣ አባት ነው» ትል ነበር። «እኔ ካወጣሁለት፣ አባቱ ቀርቷል ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው።»

የግቢው ባለቤት፣ ሁላችንም ሐጃ የምንላቸው ሱዳናዊት አሮጊት፣ ይህ ሊገባቸው አልቻለም። በእነሱ ወግ ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን በግ ታርዶ ስም ይወጣለታል። ሕፃኑን ባዩ ቁጥር ስሙ ማነው ለማለት «ኢስሙ መኑ?» ይላሉ። እናቱ አንገቷን ስትደፋ ደግሞ ቶሎ ብለው «ይደውላል፣ ኢንሻላህ» ይሏታል። አክስቴም «ይደውላል» ትላለች። እኔም እላለሁ። እሷ ልጁን ስታጠባ እንኳ ስልኳን ከእጇ አታስቀምጥም ነበር። እንቅልፍ ካጣች መቆየቷን ዐይኗ ይናገራል።

አርባ ቀኑ ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው አክስቴ ጨከነች።

«የክርስትና ስሙን ቄሱ ይሰጡታል። እኛ የምንጠራበትንስ? ልጁ ማሙሽ እንደተባለ ሊያረጅ ነው?»

እናቲቱ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ የተማርሽ፣ እስቲ ስም ጻፊልኝ። ናትናኤልን ብቻ እንዳትጽፊ!»

ሳቅን። በሰፈሩ ናትናኤል መዓት ነበር። እግዚአብሔር ሰጠ ማለት ስለሆነ፣ በሰው አገር ለወለደች ሴት አፏ ላይ ቶሎ የሚመጣው እሱ ነው። በእኛ ግቢ ብቻ ሦስት ነበሩ። «አንዱን ስትጠሪ ስድስት እግር ይመጣልሻል» አለች አክስቴ።

አባቴ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ስለነበር፣ የዕብራይስጥ ስሞችን ከነፍቺያቸው ያስጠናን ነበር። ኢዮኤል፣ ሕዝቅያስ፣ ኤፍሬም እያልኩ ዐሥር ያህል ጻፍኩ። ኤፍሬምን ስጽፍ እጄ በልማድ ታላቅ ወንድሙን ምናሴን ከጎኑ አስቀመጠው። ከዚያ ቀስ እያልኩ አነበብኩላት።

«ቆይ» አለች። «እሱን ድገሚልኝ።»

«ምናሴ።»

«ሲጠሩት ይለሰልሳል። እዚህ ሰፈር የለም፣ አይደል?»

«የለም።»

«ፍቺውስ?»

ፍቺውን አውቀዋለሁ። ምናሴ የሚያስረሳ ማለት ነው። ዮሴፍ ግብፅ ውስጥ የመጀመሪያ ልጁን እንዲህ ብሎ የጠራው፣ እግዚአብሔር መከራውንም የአባቱን ቤትም እንዳስረሳው ሲናገር ነው። እሷ ስልኳን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። የሚያስረሳ ብዬ እንዴት ልንገራት?

«እግዚአብሔር ያጽናናል ማለት ነው» አልኳት።

እኔ አንድ ነገር ሳላጣራ የማልናገር ሰው ነኝ። ያን ግን ስናገር ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ። ማንም ምን አልሽ አላለኝም።

በክርስትናው ዕለት፣ ሥርዓቱ አልቆ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመን ሳለ፣ ሽማግሌው ቄስ መጥተው የልጁን ግንባር ዳሰሱ።

«የቤት ስሙን ማን አላችሁት?»

«ምናሴ» አለች፣ ደስ ብሏት። «እግዚአብሔር ያጽናናል ማለት ነው፣ አባቴ።»

ፈገግ አሉ። «አይ ልጄ፣ ያስረሳል ነው እንጂ። ዮሴፍ በስደት አገር መከራው ሲረሳው ነው ያወጣው። መልካም ስም ነው።» ባረኩንና ሄዱ።

ዞራ አየችኝ። ረክሻው ውስጥ ልጁን ታቅፋ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ከልጁ ራስ የሜሮን ሽታ ይመጣ ነበር፤ እኔ አዲሱን ማዕተቡን እያየሁ አንገቴን እንደደፋሁ ደረስን።

«ታውቂ ነበር?» አለችኝ፣ አክስቴ ወደ ክፍሏ ስትገባ ጠብቃ።

«አዎ።»

«ታዲያ?»

«ፈራሁ።»

«ሁላችሁም ትፈሩኛላችሁ» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሐጃ ኢንሻላህ ይላሉ። አክስትሽ ይደውላል ትላለች። አንቺ ደግሞ ያጽናናል አልሽኝ። አራት ወር ሙሉ፣ መጠበቁ ደክሞሽ ይሆናል፣ ይብቃሽ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ይህን የነገረኝ የልጄ ስም ነው፤ እሱንም ልትደብቂኝ ነበር።»

«እንቀይረው?» አልኩ።

«ምኑን? አሁን ገና ወደድኩት።»

አባቱ ደወለ ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ እዚያ እስከነበርኩ ድረስ አልደወለም። በዓመቱ ወደ አገሬ ተመለስኩ። እሷ ልጇን ይዛ ጀሪፍ የሚባል ሌላ የካርቱም ሰፈር ገባች ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሱ አላውቅም።

የዚያን ዕለት ግን ልጁን አንሥታ እቅፌ ላይ አኖረችውና፣ የክርስትና ልብሷን ሳታወልቅ ጋደም አለች። ወዲያው ትንፋሿ ረዘመ። አክስቴ ብቅ ብላ አየቻትና በሩን ገርበብ አድርጋ ተመለሰች። ክንዴ እየዛለ፣ ንቅንቅ ሳልል ብዙ ተቀመጥኩ። ልጁ ነቅቶ ያየኝ ጀመር። እናቱን እንዳልቀሰቅስ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብዬ ስሙን ነገርኩት። ቀጥዬም ፍቺውን፣ እንዳለ፣ ምንም ሳልቀይር።