ዳንቴል የለበሰው ላፕቶፕ

ቢጠና ከተማ አስተማሪ ሳለሁ ከሶዶ የገዛሁት አሮጌ ላፕቶፕ፣ በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ከጫንኩበት ጀምሮ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ፣ ባትሪውም ወዲያው ያልቅ ነበር። መብራቱ እንደሆነ ቢመጣም አይቆይም። ኢንተርኔት ቤት ያገኘሁትን ትእዛዝ ሁሉ ሞከርኩ፤ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ቀነስኩ፣ ስክሪኑን አደበዘዝኩ። ወይ ፍንክች!

እናቴ ደግሞ አቧራ እንዳይገባው ብላ፣ እየሠራም ቢሆን፣ እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ታለብሰዋለች። «እማዬ፣ ይታፈናል!» ብዬ እገፈዋለሁ፤ ዞር ስል መልሳ ታለብሰዋለች።

አንድ ቀን ፋይል እየገለበጠ ትቼው ሄጄ ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ትእዛዙ ሠራ ብዬ እየፈነጠዝኩ ዳንቴሉን ስገልጠው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ማብሪያውን ብጫን፣ ብጫን አልነሳም አለ።

«እሰይ! እንዲህ ዝም ይበል እንጂ» አለች እናቴ፤ ዳንቴሉንም አስተካክላ አለበሰችው።