የሹም አቦው ግራፊክስ ካርድ

በአቅሜ አነስ ያለና ድምፅ የማያሰማ የጌም ኮምፒውተር ልገጣጥም ስል የቀረኝ የጌሙን ምስል ስክሪን ላይ የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ብቻ ነበር። ቴሌግራም ላይ ያገለገለ ካርድ በሚያስደነግጥ ርካሽ ዋጋ አየሁና ሹም አቦ ሰፈር ሻጩ ቤት ድረስ ሄድሁ። በሩን የከፈቱልኝ ነጠላ የደረቡ እናት ናቸው። ካርዱን ከነጠላቸው ሥር አወጡና በሹክሹክታ፦

“ቶሎ ውሰደው ልጄ” አሉኝ። ዓይናቸው ከጓዳው በር አይነቀልም።

“ይኼ የተሰረቀ ነው” አልሁ በልቤ።

“እናቴ፣ የማን ነው?”

“የቤታችን ነው።”

“ሲሠራ ይጮኻል እንዴ?”

“እሱስ አይጮኽም፤ የሚጮኸው ባለቤቱ ነው።”

ይኼኔ ጥርጣሬዬ ባሰ። ካርዱን መልሼላቸው ልወጣ ስል የጓዳው በር ተከፈተ። ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ የጌም ማዳመጫ አንገታቸው ላይ ያጠለቁ ሽማግሌ መሪጌታ ብቅ አሉና ጮኹ፦

“አንቺ ሴትዮ! ጌሙ እምቢ ያለኝ ለካ አንቺ ካርዱን ነቅለሽብኝ ነው!”