ሥር እንዳይሰዱ

ሄሮን በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ዘበኛ ከሆንኩበት ቤት ፊት ለፊት ባለው ግቢ የቤት ሠራተኛ ናት። ስሟን ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም ጋሼ ብቻ ነው የምትለኝ። ቀሚሷ የማዳሟ የነበረ ስለሆነ ትከሻዋ ላይ ይሰፋታል። ሜዳ መንገድ ላይ እንኳ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ጎንበስ ብላ ነው የምትራመደው።

ከአጥሩ ውጭ፣ ግንቡ ጥላ በሚጥልበት በኩል፣ በባዶ የወተት ከረጢት ያፈላቻቸው የወይራ ችግኞች ተደርድረዋል። ዘሩን ያመጣላት አንድ ያገሯ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አትክልት ያጠበችበትን ውሃ ታጠጣቸዋለች። አርብ አርብ ደግሞ እያንዳንዱን ብድግ አድርጋ ከከረጢቱ ሥር ሾልኮ የወጣውን ሥር በምላጭ ትቆርጥና መልሳ ታስቀምጠዋለች።

«ምነው ታሠቃያቸዋለሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ሥራቸው መሬቱን ከያዘ፣ ለጉዞ ሲነሱ ይደርቃሉ ጋሼ። ዩኒቨርሲቲ የተራራ ደንና እርሻ ስማር ችግኝ ጣቢያ የምንውለው ይህንኑ ስንሠራ ነበር። ከቤታችን በላይ ያለውን ተዳፋት ጎርፍ ጨርሶታል። ክረምት ሲገባ ይዣቸው ሄጄ ከእናቴ ጋር እተክላቸዋለሁ።»

ክረምቱ መጥቶ ሄደ፤ ማዳሟ ግን አልለቀቀቻትም።

ባለፈው አርብ ጥቁር ሻሽ አስራ ወጣች። ችግኞቹን አጠጣች፤ ምላጩን ግን አልያዘችም።

«እናትሽ ናቸው?» አልኳት።

በአንገቷ አዎ አለችኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ ካልኳት በኋላ፣ «ዛሬ አታነሺያቸውም?» አልኳት።

«ከእንግዲህ የት ይሄዳሉ፣ ጋሼ» አለች ባዶ ባልዲዋን እያነሳች። «እዚሁ ሥር ይስደዱ።»