ለምጽ ያወጣ ፎቶ

ፎቶ የማሳመር ሱስ የያዘኝ ሀደራ ምዕራብ ጣቢያ፣ ባቡር ስጠብቅ ነው። ወደ ቴል አቪቭ ሥራ ስመላለስ በስልኬ የማያቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ነበሩ፤ የሰውን ቆዳ ነሐስ ማስመሰል፣ ወርቅ መቀባት፣ እብነ በረድ ማድረግ። በሁለት ወር ውስጥ ጓደኞቼን በሙሉ ሐውልት አደረግኋቸው። አንዱ የሠርጉን ፎቶ አይቶ፣ «ሙሽራዋ ቆንጆ ናት፤ ግን የማን ናት?» አለኝ። ምስጋና መሰለኝና «ምንም አይደል» ብዬ መለስኩለት።

ከዚያ ቤት ኤሊዔዘር ያለው ማትናስ፣ የሰፈራችን የሕዝብ ማዕከል፣ አዳራሹ ውስጥ የሚሰቀል የወላጆቻችንን ፎቶ እንድናመጣ ጠየቀ። እናቴ ፎቶ አትወድም። «ሰው እንዲያየኝ ምን ሠርቻለሁ?» ብላ ሳምንት ሙሉ እምቢ አለች። በመጨረሻ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፊቷን ቫዝሊን ተቀብታ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠችልኝ።

«አደራህን፣ በሰው ፊት እንዳታሳፍረኝ» አለችኝ።

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? እኔ ደግሞ የእናቴን ፊት ቀደድኩ። ድርቅ የሰነጣጠቀው መሬት ፎቶ ፈልጌ ፊቷ ላይ አለበስኩት። ስንጥቁን በጉንጯ ቁልቁል አወረድኩት፣ ግንባሯን አመድ አስመሰልኩት። «ሥር» የሚል ርዕስም ሰጠሁት። ጥልቅ ሰው መሆኔ በጣም ተሰማኝ።

በመክፈቻው ቀን አዛውንቶቹ ፎቶዋ ፊት ሲደርሱ አንገታቸውን አስግገው ቆሙ። ጥበብ ሲያዩ እንዲህ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ጎረቤታችን ግን እናቴን በክንዷ ሳብ አድርጋ፣ «እቴ፣ ይኸ ነገር መቸ ወጣብሽ? ለሮፌ ቶር ይዘሻል?» አለቻት። የሐኪም ቀጠሮ ይዛ እንደሆነ መጠየቋ ነው። ከኋላ የቆመች ሌላ ሴት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለምጽ ነው እንዴ?» አለች።

ለምጽ እኛ የኢትዮጵያ አይሁዶች ዘንድ ተራ የቆዳ በሽታ አይደለም። ቄስ አይቶ ከሰው ይለየው ብሎ ኦሪት ያዘዘበት ነገር ነው። እናቴ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ ወጣች። ሰንበት ሲደርስም ጸሎት ቤት ሳትሄድ ቀረች። እናቴ ሰንበት ስትቀር አይቼ አላውቅም። ያኔ ሳቄ ሁሉ ጠፋ፤ አፈርኩ።

የሰፈራችንን ቄስ ለምኜ ማትናስ ወሰድኳቸው። «አባ፣ የኮምፒዩተር ሥራ ነው። እባክዎ ለሰው ይንገሩልኝ» አልኳቸው።

ፎቶውን ቀርበው፣ ራቅ ብለውም አዩት። «ሕጉማ ግልጥ ነው» አሉ። «ሰባት ቀን ይዘጋበት። በሰባተኛው ቀን አየዋለሁ።»

እየቀለዱ መሆናቸውን ያወቅሁት ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ ነው። ፎቶውን አውርጄ ቤቴ ዘጋሁበት።

ልካሳት ብዬ ደግሞ በማሳመር ጀመርኩ። መጀመሪያ ሽብሽቧን አለሰለስኩ፣ ቀጥዬ ጉንጯን አቀላሁ። በአራተኛው ቀን እናቴ ታናሽ እህቴን አከለች። በስድስተኛው ቀን የሱቅ አሻንጉሊት ሆነች፤ ዓይኗ ብቻ እኔን ታዘበኝ። ተስፋ ቆርጬ የደራረብኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አነሳሁት። ከሥር ያቺው እናቴ ብቅ አለች፤ የግንባሯ ቫዝሊን ሳይቀር ያበራል። እስከዚያ ቀን ድረስ ፊቷን እንደ ጨርቅ ስቆርጠው እንጂ ተቀምጬ አላየሁትም ነበር። ምንም ሳልነካ አሳትሜ አዳራሹ ውስጥ ሰቀልኩት።

በሰባተኛው ቀን ቄሱ እናቴን ራሳቸው ይዘዋት መጡ። የተሰቀለውን አዩ፣ እሷንም አዩ፣ አዳራሹ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ንጽሕት ናት» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ ሻሿን ወደ ኋላ መለሰችና ወደኔ ዞረች።

«ሰባት ቀን ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ሳስተካክል፣ እማየ።»

ፎቶውን ደግማ አየችው።

«ይችንማ ያን ለት ሰጥቸህ ነበር» አለች።