በምድጃው ቀዳዳ ያየነው

ትናንት ኮሶበር ከተማ አንድ ዳቦ ቤት ቆሜ፣ ጋጋሪው የምድጃውን በር ሲከፍት ወላፈኑ ፊቴን ለበለበው። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሲሸሽ እኔ ሆዬ አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ አየሁ። እሳት ውስጥ ያለውን ሳላይ አላልፍም። ይህን አመል ያስያዘችኝ የሸክላ ሥልጠና ጓደኛዬ ናት።

እሷ ከዳንግላ ገጠር የመጣች የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። እናቷ ዕድሜ ልካቸውን ሸክላውን ሜዳ ላይ፣ በኩበት ነበር የሚያቃጥሉት። ጭሱ ዓይናቸውን እየጎዳው ስለሄደ የልጅቷ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር። "እማ ዓይኗ ሳይጠፋ ወደዚህ ወደ ኤሌክትሪኩ ምድጃ አመጣታለሁ" ትለኝ ነበር። አሰልጣኛችን ግን ሰጋ፦ "የእናትሽ አፈር የኤሌክትሪኩን ሙቀት ባይችልስ? ቀልጦ ምድጃውን ያበላሽብናል።"

የሙቀቱን ልክ የምናውቀው በኮን ነበር። ኮን ማለት፣ ልንገርህ፣ ጣት የምታህል ጫፏ የሾለ የሸክላ ቁራጭ ናት። ከዕቃው ጋር ምድጃ ውስጥ ትቆማለች፤ ሙቀቱ ልኩ ሲደርስ ጎንበስ ትላለች። ድንጋይ የመሰለ ነገር እንዴት አንገቱን ይደፋል? ይኼው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

"ከእማ አፈር ኮን ብንሠራስ?" አለች አንድ ጠዋት። ሠራንና ከሱቅ ከተገዛችው ኮን ጎን ምድጃው ውስጥ አቆምናት። የተገዛችው ቀድማ ከጎነበሰች አፈሩ ምድጃውን ይችላል፤ የእማ ከቀደመች ግን አለቀ፣ ተመልሶ ወደ ኩበቱ ነው።

እናቷ ራሳቸው ሊያዩ መጡ። "ደግሞ ማን ሞቶባት ነው አንገቷን የምትደፋው?" እያሉ አሳቁን። ክፍሉ እርጥብ አፈርና የጋለ ብረት ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ለእሳቱ የሚደረገውን ጥቁር መነጽር አድርጋ በምድጃው መመልከቻ ቀዳዳ አየችና እጄን ጨብጣ ጎተተችኝ። እሰይ! በዚያ ብርቱካን በመሰለ ብርሃን ውስጥ የተገዛችው ተደፍታለች፣ የእማ ቀጥ ብላ ቆማለች። እልል ልል ስል "ዝም በይ፣ እማ ራሷ ትየው" አለችኝ በሹክሹክታ።

መነጽሩን አደረግንላቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ፤ ዘንበል ብለውም አዩ።

"ሁለቱም ቆመዋል ልጄ። ገና ነው" አሉ።

መነጽሩን ተቀብዬ ደግሜ አየሁ፤ የተገዛችው እንደተደፋች ናት። ጓደኛዬ የእናቷን ክንድ ይዛ ወደ ደጅ ስታወጣቸው፣ አሰልጣኛችን ምድጃውን አጠፋ።

በነጋታው ጓደኛዬ ሁለቱን ኮኖች የእናቷ መዳፍ ላይ አኖረች። በጣታቸው ዳበሱና የጎበጠችውን ለዩ።

"ውይ! ይህችማ ወድቃለች! ትናንት ቆማ አልነበር?"

"ቆማ ነበር እማ" አለች ልጃቸው። "አንቺ ካየሻት በኋላ ነው የወደቀችው።"