ታላቅ ይቅደም

ባለፈው እሁድ፣ ኦክላንድ ቴሜስካል ሰፈር ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት በር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች መንገድ ዘግተን ዝናብ ይደበድበናል። ጋሽ መኮንን ከዘራውን ተደግፎ «ግባ እንጂ!» ይለኛል፤ እኔ «በሞቴ፣ አንተ ቅደም» እላለሁ። የልጅ ልጄ ከኋላችን ሆና «ግራንድፓ፣ ጀስት ጎ ኢን!» ብላ ጮኸች፤ በቃ ግባ ማለቷ ነው። መጨረሻ ላይ እሱ ያንን የማይታጠፍ ጉልበቱን እየጎተተ ገባ። የዚያ ጉልበት ነገር የመጣው ከእኔ ጨዋነት ነው፤ ጨዋነት ከተባለ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ሁለታችንም ኦክላንድ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እንሠራ ነበር። ጋሽ መኮንን በአራት ዓመት ይበልጠኛል። አውሮፕላን ማብረር የእሱ ሕልም ነበር፤ እኔ የተከተልኩት የቆዳ ጃኬት ያምርብኛል ብዬ ነው። (አላማረብኝም።) ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ፣ በአሮጌዋ መኪናዬ ሳን ሆዜ ወዳለው ማሠልጠኛ እንወርዳለን። መንገዱ አጋማሽ ላይ፣ ዩኒየን ሲቲ ስንደርስ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት እንቁላል በዳቦ ይወጣል፤ እንፋሎቱ መስተዋቱን እስኪያደበዝዘው እንበላለን።

ያን ጥር ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ፣ ዓርብ ማታ ሰማዩ ጠራና ብርዱ ወረደ። ቅዳሜ ስንደርስ ከሜዳው ዳር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን አፍንጫዋን ጭቃ ውስጥ ቀብራ ተኝታለች። በዚያው ሳምንት አንድ ተማሪ ሲያርፍ አንሸራትታው ነው። ማኮብኮቢያው መጨረሻ ላይ የተኛው ውሃ ስስ በረዶ ለብሶ ያብለጨልጫል።

አስተማሪያችን እጁን እያፋተገ፣ «አንዳችሁ አሁን፣ አንዳችሁ ረፋዱ ላይ ሲደርቅ። ያለ እኔ ለብቻችሁ ነው የምትበሩት፤ ሦስት ጊዜ ተነሥታችሁ ታርፋላችሁ። ማን እንደሚቀድም ተስማሙ» አለን።

ጭቃ ውስጥ የተቀበረችውን አውሮፕላን ዞሬ አየሁ። ፈራሁ ማለት ግን አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም» አልኩት፣ ጎንበስ ብዬ።

«ተው፣ አንተ ሂድ።»

«በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? በረዶውን አንዴ አየት አደረገና ሄደ።

ሁለቱን ጊዜ አሳምሮ አረፈ። እንዲያውም አጨበጨብኩ። በሦስተኛው መሬት የነካው ዘግይቶ ነው፤ በፍጥነት እንደሄደ በረዶው ላይ ደረሰ። ፍሬን ረገጠ መሰለኝ፣ አውሮፕላኗ ሳሙና እንደረገጠ ሰው በጎን ሄደች። ከዚያ ቦዩ ውስጥ ተገለበጠች። ሮጥኩ። ስደርስ ከቁርሳችን የተረፈው ዳቦ እጄ ውስጥ ነበር። ለምን እንዳልጣልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሆስፒታል እግሩን አሥረው ሰቅለውት፣ «እንኳን አንተን አላደረገው» አለኝ። እኔ ምላሰኛው «አይዞህ» ብቻ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም አልበረርንም። እሱ ግን የመኪና ማቆሚያዋ ቲኬት መቁረጫ ውስጥ ተቀምጦ፣ ወደ ኦክላንድ የሚወርዱትን አውሮፕላኖች ቀና ብሎ እያየ ጡረታ ወጣ። እኔ ደግሞ በየበሩ አስቀድመዋለሁ። ሰው ሁሉ ጨዋነቴን ያደንቃል።

እሁድ ዕለት ሽሮው መጥቶ እየተንተከተከ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ያን ቀን ያስቀደምኩህ አክብሬህ አይደለም። ፈርቼ ነው።»

የጎረሰውን እስኪውጥ ጠበቅኩ።

«አውቃለሁ» አለ። «እኔም ፈርቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሄድክ?»

«ታላቅ ነህ ካልከኝ በኋላ ምን ልበል?»

ከዚያ በኋላ ሽሮው በረደ። አንዳችን ብቻ «እኔ ፈርቻለሁ» ቢል ኖሮ፣ ሁለታችንም መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠን ፀሐይ እንጠብቅ ነበር። ለሁለት ቃል አፈርንና ጉልበት ከፈልን፤ ያውም የእሱን ጉልበት።

ስንወጣ በሩ ጋ ቆምን። ዝናቡ አባርቷል፤ ደረጃው ግን ውሃ አቁሯል።

«ቅደም» አለኝ።

ቀደምኩ። እግሬን አጥብቄ ረገጥኩና ዞሬ እጄን ዘረጋሁለት፤ ለአንዲት ደረጃ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ።